በሽቦው ጫፍ ያለው ወታደር፦ ስለ ማልዩትካ ፀረ ታንክ ሚሳይል የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፤

ስለ ጦር መሣሪያ ሲነሳ ወሬው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቁጥር ነው። ይህን ያህል ሜትር ይደርሳል፣ ይህን ያህል ብረት ይበሳል፣ ይህን ያህል ኪሎ ይመዝናል ይባላል። እኔም ቁጥሮቹን አልዘላቸውም። ነገር ግን ዛሬ እዚህ የቆምኩበትን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር። በሽቦ የሚመራ ፀረ ታንክ ሚሳይል አቅሙ የሚታወቀው ከተተኮሰ በኋላ ዒላማው ላይ እስኪያርፍ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። በእነዚያ ሰከንዶች የሚወስነው መምሪያውን የጨበጠው ወታደር ነው። የእርሱ ዐይን፣ ጣት፣ ድፍረትና ድንጋጤ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይጻፉም። ስለዚህ መሣሪያውን በሠንጠረዥ ብቻ የሚያውቀው ሰው ግማሹን እንኳ አያውቀውም።

በምሳሌነት የመረጥኩት ሶቪየት ኅብረት የሠራችውን ማልዩትካ ነው። የኔቶ አገሮች ሳገር ብለው ይጠሩታል። የመረጥኩትም ከሁሉ የላቀ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙ ጉድለት ነበረበት። ነገር ግን በታንክ ጦር ላይ የነበረውን እምነት እንደ እርሱ በአንድ ሳምንት ያናጋ የእግረኛ መሣሪያ ጥቂት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ለብቻው ካልገለጽኩ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው የእግረኛው ችግር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንክ የመጣበት እግረኛ ወይ ፀረ ታንክ መድፍ፣ ወይ በትከሻ የሚተኮስ መሣሪያ ያስፈልገው ነበር። መድፉ ከባድ ነው፤ በተሽከርካሪ ይጎተታል፣ ብዙ ሰው ይፈልጋል፣ አንዴ ከተኮሰ በኋላ ለመደበቅ ያስቸግራል። እንደ ባዙካና ፓንዘርፋውስት ያሉትን ለመተኮስ ደግሞ ታንኩ መቶ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች እስኪቀርብ በጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መጠበቅ ግድ ነበር። ያንን ማድረግ ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ አስቡት።

በዚያው ጦርነት ማክስ ክራመር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ፍሪትስ ኤክስ የተሰኘ፣ ከአውሮፕላን ተጥሎ በራዲዮ ትእዛዝ የሚመራ ቦምብ ነድፎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የጀርመን ጠላቶች የራዲዮ ትእዛዙን የሚያውክ መሣሪያ ሠሩ። ክራመር በጦርነቱ ማብቂያ ላይ የነደፈው ኤክስ 7 የተባለ አነስተኛ ፀረ ታንክ ሚሳይል ግን ትእዛዝ የሚቀበለው በሽቦ ነበር። በሽቦ የሚሄድን ትእዛዝ ከሩቅ ሆኖ በራዲዮ ሞገድ ማወክ አይቻልም። ኤክስ 7 በብዛት ለውጊያ ሳይደርስ ጀርመን ተሸነፈች። ሐሳቡን ፈረንሳዮች አነሱትና ኤስኤስ 10 የተባለውን ሚሳይል በ1950ዎቹ አጋማሽ ለጦራቸው አስታጠቁ። ተከታዩን ኤስኤስ 11 በአልጄሪያ ጦርነት ከሄሊኮፕተር ላይ ሳይቀር ተኮሱት።

ሶቪየቶች በመጀመሪያ የሠሩት ሽሜል ከባድ ስለነበር ያለ ተሽከርካሪ አይንቀሳቀስም ነበር። ቀጥሎ የተፈለገው እግረኛ በጀርባው ተሸክሞት የሚሄድ ሚሳይል ነው። ሥራው የተሰጠው በሞርታር ንድፍ ስሙ የታወቀው ቦሪስ ሻቪሪን ይመራው ለነበረው የኮሎምና የንድፍ ቢሮ ነው። ሻቪሪን በ1965 ሲሞት ቦታውን ሰርጌይ ኔፖቤዲሚይ ተረከበ። ማልዩትካ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1963 ለጦሩ ተሰጥቶ ነበር።

ሚሳይሉ 11 ኪሎ ግራም አይሞላም። ተሸካሚው ወታደር በሻንጣ መሰል ሣጥን ውስጥ ይዞት ይሄዳል፤ ቦታው ሲደርስ የሣጥኑ ክዳን መተኮሻ መደብ ይሆናል። ተኳሹ መምሪያ ሣጥኑን ይዞ ከሚሳይሉ እስከ 15 ሜትር ድረስ ርቆ መደበቅ ይችላል። በአንድ መምሪያ ሣጥን ላይ እስከ አራት ሚሳይል ይገጠማል፤ አንዱ ተተኩሶ ሲያበቃ ወደሚቀጥለው ይዞራል። ሦስት ሰዎች በእግራቸው ተሸክመውት የሚሄዱት መሣሪያ እስከ 3000 ሜትር ርቀት ያለን ታንክ ያሰጋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ይህ የመድፈኛና የታንከኛ ሥራ ነበር።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው በሽቦው ነው። እንዲህ ያለ ቀጭን ሽቦ በዚያ ፍጥነት ሲጎተት እንዴት አይበጠስም? መልሱ ሽቦው አይጎተትም የሚል ነው። ጥቅሉ ያለው በሚሳይሉ ውስጥ ነው። ሸረሪት ከራሷ ድር እያወጣች እንደምትወርድ ሁሉ ሚሳይሉም እየበረረ ሽቦውን ከኋላው ይተወዋል፤ አንዴ የወጣው ሽቦ ባለበት አየር ላይ ይቀርና ቀስ ብሎ መሬት ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ብልሃት ሚሳይሉ እየተሽከረከረ መብረሩ ነው። በመሽከርከሩ የቀኝና የግራ፣ የላይና የታች ብሎ አራት መሪ ክፍሎች አያስፈልጉትም። በውስጡ ያለው ጋይሮስኮፕ ወደ ላይ የትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ያው አንድ የጋዝ መሪ በትክክለኛው ቅጽበት ወደሚፈለገው አቅጣጫ ይገፋዋል። ሚሳይሉ ርካሽና ቀላል ሊሆን የቻለው በዚህ ነው። የመሐንዲሶቹን ሥራ አደንቃለሁ፤ ውስብስብ ነገር ማቅለል ውስብስብ ነገር ከመሥራት ይከብዳል።

ብረት የሚበሳበት መንገድም መገለጽ አለበት፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሚሳይሉ በፍጥነቱ የሚበሳ ይመስለዋል። ማልዩትካ በሰከንድ 120 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚበረው፤ ከጠመንጃ ጥይት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ ነው። በአፍንጫው ውስጥ ያለው ፈንጂ ከፊት ለፊቱ በሾጣጣ ቅርጽ ተቦርቡሮ፣ ቡርቡሩ በስስ ብረት ተሸፍኗል። ፈንጂው ሲፈነዳ ያ ስስ ብረት ወደ መሐል ይጨመቅና በሰከንድ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ቀጭን ጨረር ይሆናል። በዚያ ግፊት ፊት የታንክ ብረት እንደ ጠጣር ነገር አይቋቋምም፤ ወደ ጎን ይሸሻል። የመጀመሪያው ማልዩትካ 400 ሚሊ ሜትር ያህል ብረት ይበሳ ነበር፤ በዘመኑ የነበረ ታንክ ደግሞ ይህን የሚመክት ጋሻ አልነበረውም። በሌላ አነጋገር ሚሳይሉ ከደረሰ ሥራው አለቀ። ችግሩ ማድረሱ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ወታደሩ እንመለስ። ማልዩትካ 3000 ሜትር ለመብረር ከ25 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ተኳሹ መምሪያውን በእጁ ይዞ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር መመልከት አለበት፦ የሚንቀሳቀሰውን ታንክና ከጅራቱ ብርሃን እያወጣ የሚበረውን ሚሳይል። ሁለቱን በዐይኑ አገናኝቶ፣ ሚሳይሉ ወደ ቀኝ ሲያፈነግጥ ወደ ግራ፣ ሲወርድ ወደ ላይ እያረመ እስከ መጨረሻው ያደርሰዋል። እጁ ጥቂት ከበዛ ሚሳይሉ መሬት ይገባል፤ ጥቂት ከዘገየ ታንኩን ያልፈዋል። እስከ 1000 ሜትር ባለው ርቀት በባዶ ዐይኑ፣ ከዚያ በላይ በሚያቀርብ መነጽር ይሠራል። ከ500 ሜትር በታች ላለ ታንክ ደግሞ መሣሪያው አይጠቅመውም፤ ሚሳይሉን ወደ ዕይታው መስመር ሳያስገባ ታንኩ ዘንድ ይደርሳል። አንድ ተኳሽ ብቁ ለመሆን በማስመሰያ መሣሪያ ከ2000 ጊዜ በላይ መተኮስ ነበረበት ተብሎ በብዛት ይነገራል። ልምዱ በየጊዜው ካልታደሰም ይጠፋል። ሚሳይሉ ርካሽ ነበር፤ ተኳሹ ግን ውድ ነበር።

ይህን በሚገባ የተረዱት ግብፆች ናቸው። በ1967ቱ ጦርነት ሲናን ካጡ በኋላ የእስራኤልን ታንከኞች በታንክ ውጊያ እንደማይችሏቸው አወቁ። የጦር ኃይሎቹ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሳዓድ ኤል ሻዝሊ ያዘጋጁት ዕቅድ በዚህ ግልጽ ግምት ላይ የቆመ ነበር። ስዊዝ ቦይን በጀልባ የሚሻገረው እግረኛ፣ ድልድይ ተዘርግቶ የራሱ ታንኮች እስኪደርሱለት ድረስ ለብዙ ሰዓታት ብቻውን የእስራኤልን ታንክ መመከት አለበት። ስለዚህ ከኋላ ካሉት ክፍሎች ሳይቀር ማልዩትካና በትከሻ የሚተኮሰው አርፒጂ 7 ተሰብስቦ ለመጀመሪያዎቹ ተሻጋሪዎች ተሰጠ። ማልዩትካው ሩቁን፣ አርፒጂው ቅርቡን ይሸፍናል። የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል።

ጥቅምት 6 ቀን 1973፣ በኛ አቆጣጠር መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ከቀትር በኋላ ግብፆች ተሻገሩ። በሲና የነበረው የእስራኤል የታንክ ክፍል ከ300 ጥቂት ያነሱ ታንኮች ነበሩት። ለዓመታት በተለማመደው መንገድ ወደ ቦዩ ገሰገሰ፤ ታንኮቹ አብዛኛውን ጊዜ ያለ እግረኛና ያለ በቂ መድፍ ድጋፍ በየቦታው ተከፋፍለው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ለውጊያ ብቁ ሆነው የቀሩት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ጥቅምት 8 ደግሞ የአቭራሃም አዳን ክፍለ ጦር መልሶ ማጥቃት ጀመረ። የሻለቃ አዛዡ አሳፍ ያጉሪ ወደ ፊርዳን አቅጣጫ ሲገሰግስ የግብፅ ሁለተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ከሦስት በኩል ተቀበለው። ሻለቃው ወደመ፤ እርሱ ራሱ ተማርኮ በግብፅ ቴሌቪዥን ታየ። በዚያን ሰሞን ከውጊያ የተመለሱ ታንኮች የሚሳይል ሽቦ በላያቸው ላይ ተጠምጥሞባቸው ነበር፤ ስንት ሚሳይል እንደሳታቸው የሚናገር ምስክር ነው።

ግብፆች ከሁሉ አብልጠው የሚያነሱት ተኳሽ ሞሐመድ አብደል ዓቲ ነው። የአገሩ ጦር 23 ታንክ እንደመታ ይቆጥርለታል፤ "ታንክ አዳኙ" እየተባለም ይጠራል። በጦርነት የሚነገር ቁጥር ከወዳጅም ከጠላትም በጥንቃቄ የሚወሰድ ነው። ይሁንና ስለዚህ ሰው ሳስብ የሚገርመኝ ቁጥሩ አይደለም። በግልጽ ሜዳ ላይ አሸዋ ውስጥ ተኝቶ፣ ጥይት በላዩ እያፏጨ፣ ለ20 እና ለ25 ሰከንድ እጁን ሳያንቀጠቅጥ መያዝ መቻሉ ነው። ከብዙ መቶ ተኳሾች መካከል እንዲህ ያለው ጥቂት ነው። መሣሪያው ለሁሉም አንድ ነበር።

እስራኤላውያን ታንከኞች ደግሞ መልሱን ያገኙት በዚያው በሰከንዶቹ ውስጥ ነው። የሚሳይሉን ጅራት ብርሃን ወይም የተተኮሰበትን አቧራ ያየ ሁሉ በራዲዮ ይጮሃል። ሁሉም ታንክ ወዲያው ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንቀሳቀሰ አቧራ ያስነሳል። ሌሎቹ ሚሳይሉ ወደተነሳበት አካባቢ በመትረየስና በመድፍ ይተኩሳሉ። ተኳሹን መግደል የግድ አያስፈልግም፤ ለአንድ ሰከንድ አንገቱን እንዲደፋ ማድረግ በቂ ነው። አንገቱን በደፋበት ሰከንድ ሚሳይሉ ያለ ጌታ ይቀራል። ከቀናት በኋላ የታንክ አዛዦች እግረኛቸውን፣ ሞርታራቸውንና መድፋቸውን ከታንኩ ጋር አቀናጅተው መዋጋት ጀመሩ፤ የማልዩትካም ጉዳት ቀነሰ። ጥቅምት 14 ግብፆች ራሳቸው ታንካቸውን ይዘው ወደ ሲና ውስጥ ሲገፉ 250 ያህል ታንክ በአንድ ቀን አጡ። በዚያን ቀን አጥቂና ተከላካይ ቦታ ተለዋውጠው ነበር።

በዚያን ጊዜ በዓለም ጋዜጦች "ታንክ ዘመኑ አበቃ" የሚል ጽሑፍ በዛ። ድምዳሜው ስህተት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የተጎዱ ታንኮች ሲመረመሩ ከሚሳይል ይልቅ በታንክ መድፍና በአርፒጂ የተመቱት ብዙ ሆነው ተገኙ። ማልዩትካ ያደረሰው ትልቁ ጉዳት፣ በእኔ እምነት፣ ታንኩን ማቃጠሉ ብቻ አልነበረም። ታንከኛው በ3000 ሜትር ላይ ያለን አንድ የአሸዋ ጉብታ ሁሉ እንዲጠራጠር፣ እንዲዘገይና ብቻውን እንዳይሮጥ አስገደደው። ይህ ታንክን ከጥቅም ውጪ አያደርግም፤ አካሄዱን ግን ይለውጠዋል። የአሜሪካ ጦር ሊቃውንት ከዚህ ጦርነት ብዙ ተምረው በ1976 የውጊያ መመሪያቸውን አዲስ አድርገው የጻፉትም ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ያ ጦርነት ለኛም ሩቅ አልነበረም። ኢትዮጵያ በዚያው ወር ከእስራኤል ጋር የነበራትን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አቋረጠች። ጦርነቱ ያስከተለው የነዳጅ ዋጋ መናር ደግሞ ጥቂት ወራት ቆይቶ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎችን ለሥራ ማቆም ካነሳሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ፤ በኛ አቆጣጠር የየካቲት 1966ን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የመሐንዲሶቹ ቀጣይ ሥራ ከተኳሹ ትከሻ ላይ ሸክሙን ማንሳት ነበር። የአሜሪካው ቶው በሂዩዝ ኩባንያ ተሠርቶ በ1970 ሥራ ላይ ዋለ። እርሱም በሽቦ ይመራል፤ ነገር ግን ተኳሹ ሚሳይሉን አይመራም። የመነጽሩን መስቀል ታንኩ ላይ አድርጎ ይይዛል፣ በቃ። መሣሪያው በሚሳይሉ ጅራት ላይ ያለውን የብርሃን ምንጭ እየተከታተለ ከዕይታው መስመር ምን ያህል እንደራቀ ያሰላና እርማቱን በሽቦው ይልካል። ፍጥነቱም ከማልዩትካ ከእጥፍ በላይ ነው። በ1972 በቬትናም ሁለቱም በአንድ ሰሞን ለውጊያ ታዩ፦ ማልዩትካ በሰሜን ቬትናም እግረኞች እጅ፣ ቶው በአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ላይ። ሶቪየቶችም ማልዩትካን ራሱን በዚሁ ዘዴ እንዲመራ አሻሻሉት፤ ቀጥለውም ፋጎትንና ኮንኩርስን ሠሩ። ፈረንሳይና ጀርመን በጋራ ሚላንን አወጡ።

ቶው ምን ያህል ተፈላጊ እንደነበረ ለማወቅ የኢራንን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። ከኢራቅ ጋር እየተዋጋች የነበረችው ኢራን በ1985 በእስራኤል በኩል በምስጢር 504 ቶው ሚሳይል አገኘች፤ 96ቱ በኦገስት፣ 408ቱ በሴፕቴምበር። በቀጣዩ ዓመት ምስጢሩ ሲወጣ የተነሳው ቅሌት የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የሬጋንን መንግሥት ክፉኛ አናወጠው።

ታንክ ሠሪዎችም አልተኙም። በ1982 በሊባኖስ የእስራኤል ታንኮች በላያቸው ላይ ፈንጂ የያዙ ጠፍጣፋ ሣጥኖች ደርድረው ታዩ። የሚሳይሉ ጨረር ሲነካው ሣጥኑ ወደ ውጭ ፈንድቶ ጨረሩን ይበትነዋል። ለዚህ መልስ ሆኖ የመጣው ቶው 2ኤ በአፍንጫው ላይ ትንሽ ፈንጂ አስቀደመ፤ ትንሹ ሣጥኑን ያፈነዳል፣ ዋናው ተከትሎ ብረቱን ይበሳል። ቶው 2ቢ ደግሞ ከታንኩ በላይ እየበረረ ጋሻው ወደሚሳሳበት ወደ ጣሪያው ይተኩሳል። ይህ ውድድር ዛሬም አላቆመም።

የሽቦው ጉድለት ግን በቶው ሚሳይልም አልጠፋም። ቁጥቋጦና ዛፍ በበዛበት ሽቦው ይያዛል። ሰፊ ውኃ ላይ ሲያርፍ ትእዛዙ ይበላሻል። የከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ መስመር በላይ መተኮስ ለተኳሹም አደገኛ ነው። ተኳሹ እስከ መጨረሻው ድረስ ቦታውን መልቀቅ አይችልም፤ ቶው 3750 ሜትር ለመብረር 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ብዙ አገሮች ከሽቦ ሸሹ። የሩሲያው ኮርኔት የሌዘር ጨረርን ተከትሎ ይሄዳል። የአሜሪካው ጃቭሊን ዒላማውን አስቀድሞ ይይዝና ተኳሹ ተኩሶ መሸሽ ይችላል።

ሆኖም ክራመርን በ1940ዎቹ ወደ ሽቦ የመለሰው ምክንያት በዩክሬን ጦርነት እንደገና መጣ። በራዲዮ የሚበሩ ትንንሽ ድሮኖችን ማወክ እየቀለለ ሲሄድ፣ ከ2024 ጀምሮ ሩሲያውያን፣ ቀጥሎም ዩክሬናውያን፣ ከኋላቸው የመስታወት ክር እየተረተሩ የሚበሩ ድሮኖችን በብዛት ማሰማራት ጀመሩ። ጥቅሉ እንደ ማልዩትካ በበራሪው ላይ ነው፤ ርዝመቱ ግን ከ10 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አብራሪው ከድሮኑ አፍንጫ የሚመጣውን ምስል በክሩ እየተቀበለ እስከ መጨረሻው ሜትር ድረስ ይመራዋል። ክሩ በየእርሻውና በየዛፉ ላይ ተንሰራፍቶ ይቀራል።

የታንከኞቹ የ1973 መልስም አብሮ ተመልሷል። ዛሬ ሁለቱም ወገኖች ከድሮኑ ይልቅ አብራሪውን ያድናሉ፤ ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ክፍሎች አሏቸው። አብራሪው የሚሸሸግበትን ምድር ቤት ለማግኘት አንቴናውን ይፈልጋሉ፣ ስንቅ የሚያደርስለትን መኪና ይከታተላሉ፣ የክሩንም ጫፍ ተከትለው ለመድረስ ይሞክራሉ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።